ከአፈሩ በታች ያለው፦ ስለ አረንጓዴ ጣሪያ ውሃ ማስወገጃ ጥያቄና መልስ

ጣሪያ ላይ ሣርና አበባ ስለመትከል ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ተክሉ ነው። እኔ ደግሞ «ከአፈሩ በታች ስላለው ጠይቁኝ» አልኩ። ጥያቄው ጎረፈ፤ ደስም አለኝ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ጉዳያችን አንድ ነው፦ ሶሌታ (የኮንክሪት ጣሪያ) ላይ የወረደ ዝናብ ከአፈሩ ወጥቶ ቱቦው ውስጥ እስኪገባ በየት በኩል ይሄዳል? ይህን መንገድ በጣታችሁ መከተል ከቻላችሁ አብዛኛውን መልስ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ ንብርብሩን ከታች ወደ ላይ በቅደም ተከተል ብትነግረን? ሁሉም የየራሱን ነው የሚያወራው።

መልስ፦ ከታች ሶሌታው አለ፣ ስሎፕ ተሰጥቶት። ቢያንስ 2 በመቶ፣ ማለትም በአንድ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ ይኑረው። ከዚያ ውሃ መከላከያው ሜምብሬን ይነጠፋል። ሜምብሬኑ ራሱ ሥር የማይበሳው ዓይነት ካልሆነ ሥር ማገጃ ይደረብበታል። ቀጥሎ ሜምብሬኑን ከጭረትና ከጫና የሚጠብቅ ወፍራም ጂኦቴክስታይል (ሰው ሠራሽ ጨርቅ) ይመጣል። ከዚያ የዛሬው ባለጉዳይ፣ ውሃ ማስወገጃው። በላዩ ስስ ማጣሪያ ጨርቅ፣ ከዚያ አፈር፣ ከዚያ ተክል።

ሁለቱን ጨርቆች የሚያምታታ ብዙ ነው። የታችኛው ወፍራም ነው፣ በካሬ ሜትር 300 ግራም እና ከዚያ በላይ። የላይኛው ስስ ነው፣ ከ100 እስከ 200 ግራም። አንዱ ትራስ ነው፣ ሌላው ወንፊት። የተረፈውን ጨርቅ ባገኙት ቦታ ማንጠፍ አያዋጣም።

ጥያቄ፦ አበባ ማሰሮ ሥር ጠጠር እንደምናደርገው፣ ሶሌታው ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ደፍቼ አፈር ብጨምርበት ምን ችግር አለው? ለምን ውድ የፕላስቲክ ማስወገጃ ንጣፍ ልግዛ?

መልስ፦ ጠጠር ድሮም ይሠራበታል፣ አሁንም ይሠራል። ግን ሁለት ነገር እወቅ።

አንደኛው ክብደቱ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ተራ ጠጠር በካሬ ሜትር ከ160 እስከ 180 ኪሎ ይመዝናል። አፈሩ ገና አልመጣም፣ ውሃውም አልመጣም። ጠጠር ካልክ ቀለል ያለውን ፈልግ፦ ፑሚስ ወይም ስኮሪያ (ሁለቱም ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ናቸው)፣ ወይም በእሳት የተነፋ የሸክላ እንክብል። ከመጫንህ በፊት እጠበው፤ አቧራው ሄዶ ሄዶ መውጫው ላይ ነው የሚጋገረው።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያምነኝ ነገር ነው። ጠጠር አፈር አያደርቅም። ደቃቅ አፈር ውሃን በጥቃቅን ክፍተቶቹ አንቆ ይይዛል። ጠጠሩ ግን ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ ውሃውን ወደ ራሱ የሚስብበት ጉልበት የለውም። ስለዚህ ውሃው ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር ላይ ይቆማል።

ካላመንክ ሞክረው። ግልጽ የፕላስቲክ ዕቃ ታቹን ብሳ። ከታች ጠጠር፣ መሃል ማጣሪያ ጨርቅ፣ ከላይ ደረቅ አፈር አድርግ። ውሃ ቀስ እያልክ አፍስስ። እርጥበቱ እየጠቆረ ሲወርድ ታየዋለህ። ጨርቁ ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ጠጠሩ ደረቅ እንደሆነ የአፈሩ ታችኛው ክፍል እየጠገበ ይሄዳል። ልክ ሲሞላ ድንገት መንጠባጠብ ይጀምራል። ማፍሰስ ስታቆም ጠብታው ትንሽ ቆይቶ ይቆማል፤ ያ የጠገበው ክፍል ግን እዚያው እንደራሰ ይቀራል።

እንግዲህ ማስወገጃው ምን ይሠራል? አፈሩ የለቀቀውን ትርፍ ውሃ ሳያጠራቅም ወደ መውጫው ያደርሳል። ለሥሩም ከታች አየር ይሰጣል። አፈሩ እንዳይጨቀይ ማድረግ የአፈሩ የራሱ ድርሻ ነው፤ ሻካራና ክፍተት ያለው ድብልቅ መሆን አለበት። ስስ አፈር ላይ ይህ ይብሳል። ከ8 ሴንቲ ሜትር አፈር ታችኛው 3 ሴንቲ ሜትር ሁሌ ከራሰ ለሥሩ ምን ተረፈው?

ጥያቄ፦ ጎድጓዳ ጎድጓዳ ያለውን የፕላስቲክ ንጣፍ ገዛሁ። ጉድጓዱ ወደ ላይ ነው ወደ ታች? ሠራተኞቹ ተከራክረው ሊጣሉ ነው።

መልስ፦ አታጣይቻቸው፣ ቀዳዳውን እዪው። ንጣፉ ጉብታዎቹ አናት ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ካለው ውሃ የሚይዘው ዓይነት ነው። ጉድጓዶቹ ወደ ላይ ተከፍተው ውሃ ይይዛሉ። ሲሞሉ ትርፉ በቀዳዳዎቹ ወደ ታች ይወርድና ከንጣፉ ሥር ባለው ክፍተት ወደ መውጫው ይሄዳል። ገልብጠሽ ካነጠፍሽው ቀዳዳዎቹ ከታች ይሆናሉ፤ አንድ ጠብታ አይይዝልሽም። 25 ሚሊሜትር ከፍታ ያለው ንጣፍ በካሬ ሜትር 3 ሊትር ገደማ ይይዛል። ለደረቅ ጊዜ ትልቅ ነገር ነው።

ቀዳዳ የሌለው ደግሞ ውሃ ለማስተላለፍ ብቻ የተሠራ ነው። የሱ አቀማመጥ እንደ አምራቹ ስለሚለያይ ወረቀቱን አንብቢ። በነገራችን ላይ ስትገዢ ስንት ጫና እንደሚችልም ጠይቂ። ለሣር የሚበቃው ለዛፍ ወይም ለመንገድ ላይበቃ ይችላል።

ጥያቄ፦ ባዶ የውሃ ጠርሙሶችን አግድም ደርድሬ ብጠቀምስ? መልሶ መጠቀምም ነው።

መልስ፦ ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ግን ይቅርብህ። ጠርሙስ ከአፈር ክብደት ሥር ቀስ በቀስ ይጨፈለቃል። ሲጨፈለቅ አፈሩ እዚህም እዚያም ይሰምጣል፣ የውሃው መንገድም ይዘጋል። ለማረም ደግሞ ሁሉንም መንቀል ነው።

ጥያቄ፦ ጣሪያዬ 50 ካሬ ነው፣ አንድ የውሃ መውጫ አለው። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ከሁሉም ጥያቄ እዚህኛው ላይ ረዘም ብዬ ልቆይ፣ ምክንያቱም አረንጓዴ ጣሪያ ሲበላሽ የሚበላሸው ከመሃል ሳይሆን ከመውጫው ነው።

እስቲ እናስላ። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር አንድ ሊትር ነው፣ አንድ ኪሎም ነው። በሰዓት 60 ሚሊሜትር የሚወርድ ኃይለኛ ዝናብ 50 ካሬ ላይ በሰዓት 3,000 ሊትር ይሆናል፤ በደቂቃ 50 ሊትር። አፈሩ መጀመሪያ ላይ ይመጥጣል፣ ልክ ነው። ግን ትናንትም ዘንቦ ከነበረና ከጠገበ? ቱቦው የሚለካው አፈሩ ምንም እንዳልያዘ ተደርጎ ነው።

አሁን ያቺ አንዲት መውጫ በቅጠል ተደፈነች እንበል። ፓራፔቱ (የጣሪያው ዳር አጭር ግድግዳ) ውሃውን አቁሮ ያዘው። 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ሲደርስ 50 ካሬ ላይ 10 ቶን ነው። ሶሌታው ይህን ታሳቢ ተደርጎ አልተሠራም ይሆናል።

ስለዚህ ቢያንስ ሁለት መውጫ፣ ወይም አንድ መውጫና ፓራፔቱን በስቶ ወደ ውጭ የሚያፈስ የአደጋ ጊዜ ማስተንፈሻ ይኑርህ። ማስተንፈሻው ሜምብሬኑ ግድግዳው ላይ ከሚያልቅበት ከፍታ ዝቅ ማለት አለበት። ሰው የሚያየው ቦታ ላይ ቢያፈስ ደግሞ ጥሩ ነው። ውሃ ሲንዠቀዠቅ ያየ ሰው ዋናው እንደተደፈነ ወዲያው ያውቃል።

መውጫው ራሱ አፈር ውስጥ መቀበር የለበትም። ጎኑ የተበሳሳ ሳጥን ተደርጎበት፣ ክዳኑ ከአፈሩ ጋር እኩል ሆኖ፣ በእጅ የሚከፈት ይሁን። ዙሪያውን ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ተክል ሳይኖር ንጹህ ጠጠር ይደረግ። በፓራፔቱ ጥግም እንዲሁ።

አንድ የተለመደ ጥፋት አለ። ሰዎች «ቆሻሻ እንዳይገባ» ብለው ማጣሪያ ጨርቁን በመውጫው አፍ ላይ ያለብሱታል። በጭራሽ! የጣሪያው ደለል ሁሉ ተጠራቅሞ እዚያች ትንሽ ቦታ ላይ ይለጠፋል፣ መውጫውም ይታፈናል። ጨርቁ አፈሩ የሚያልቅበት ጠርዝ ላይ ወደ ላይ ታጥፎ ያብቃ፤ ከዚያ ወዲያ ጠጠር ብቻ።

ጥያቄ፦ ማጣሪያ ጨርቁን በማዳበሪያ ጆንያ ብተካው?

መልስ፦ አይሆንም። የቃጫው ጆንያ ይበሰብሳል። የፕላስቲኩ ደግሞ ወይ ውሃ አጥብቆ ያግዳል ወይ ክሩ ተላቆ አፈር ያሳልፋል። ያልተሸመነው ዓይነት ጂኦቴክስታይል ፈልጊ። ሁለት ጨርቅ ሲገናኝ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይደራረብ። ፀሐይ ላይ ዘርግተሽ ለሳምንታት አትተዪው፣ ይደክማል።

ጥያቄ፦ የጓሮዬ አፈር ጥቁርና ለም ነው። እሱን ልጫን?

መልስ፦ ለጓሮው ተወው። ዋልካ ጣሪያ ላይ ሲወጣ ሁለት ጠባይ ያመጣል። ሲረጥብ እጅግ ይከብዳል፣ ደቃቁ ደግሞ ወርዶ ማጣሪያውን ይደፍናል። ሙሉ በሙሉ የረጠበ ተራ አፈር በሜትር ኪዩብ 1,800 ኪሎ እና ከዚያ በላይ ሊመዝን ይችላል። የጣሪያ አፈር በአብዛኛው ማዕድን ነው፦ ፑሚስ፣ ስኮሪያ፣ የተከሰከሰ ጡብ። ኮምፖስቱ ከ20 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። ኮምፖስት ሲበዛ በስብሶ አፈሩ ይወርዳል፣ ተክሉም ከሚገባው በላይ ይፈነድቃል።

ጥያቄ፦ ከተከልን 2 ወር ሆነን። ከቱቦው የሚወጣው ውሃ ቡናማ ነው። አፈሩ እየሄደ ነው?

መልስ፦ በብርጭቆ ቅዱና ሌሊቱን አሳድሩት። ጠዋት ሥሩ ላይ ጭቃ ተቀምጦ ከላይ ከጠራ፣ አዎ፣ አፈር እየሄደ ነው። ጨርቁ የሆነ ቦታ ተቀዷል ወይም ጠርዙ አልታጠፈም። ቡናማ እንደሆነ ግን ጥርት ብሎ ካደረ የኮምፖስቱ ቀለም ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ያጋጥማል፣ እየቀነሰ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ መውጫው ላይ ነጭ ቅርፊት ተጋግሯል። በመፍቂያ ነው ያነሳሁት። ጨው ነው?

መልስ፦ ኖራ ነው። ምናልባት ማስወገጃው ውስጥ የተሰባበረ ኮንክሪት ወይም የኖራ ድንጋይ ገብቷል። ውሃ ኖራውን እያሟሟ ያወርድና አየር ሲያገኝ መልሶ ይጥለዋል። ቱቦ ይዘጋል። ንጹህ የሸክላ ጡብ ስብርባሪ ይህ ጣጣ የለበትም፤ ሲሚንቶ የተለጠፈበት ከሆነ ግን ያው ነው። አሁን ሁሉን መንቀል ካልቻልክ መውጫውን ቶሎ ቶሎ እያየህ ፋቀው።

ጥያቄ፦ እነዚያ ጉድጓዶች የያዙት ውሃ ትንኝ አያራባም?

መልስ፦ አፈርና ጨርቅ ከላይ ስለሸፈነው ትንኝ አትደርስበትም። የሚያሰጋው የመውጫው ሳጥን ነው። ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር በሞቃት ወቅት አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃታል። ዝናብ ካቆመ ከሁለት ቀን በኋላ ሳጥኑን ክፈቺ። ውሃ ቆሞ ካገኘሽ ቱቦው ተዘግቷል ወይም ስሎፑ ወደ ተሳሳተ ቦታ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ተዳፋት ጣሪያ ላይስ? ቆርቆሮ ላይስ?

መልስ፦ ተዳፋት ከሆነ ውሃው በራሱ ይወርዳል። ከ5 ዲግሪ በላይ ሲሆን የተለየ ማስወገጃ ንብርብር ሳያስፈልግም ሊቀር ይችላል። እዚያ ፈተናው ውሃ ሳይሆን የአፈሩ መንሸራተት ነው፤ ከ20 ዲግሪ ገደማ በላይ አፈር የሚይዝ እርከን የግድ ነው። ቆርቆሮ ላይ በቀጥታ አይሞከርም። ምስማሩ ሁሉ ቀዳዳ ነው፣ እርጥብ አፈር ያዝገዋል፣ እንጨቱም ያን ያህል አይሸከም።

ጥያቄ፦ ቀርከሃና ፊከስ ብተክልስ?

መልስ፦ ቀርከሃ ይቅር። ሥሩ ሹል ነው፣ ሜምብሬን ይበሳል። ፊከስም መገጣጠሚያ ፍለጋ ሩቅ ይሄዳል። ተራ የሬንጅ ሜምብሬን ደግሞ በሥር በቀላሉ ይሸነፋል።

ጥያቄ፦ መሐንዲስ ማማከር ግዴታ ነው?

መልስ፦ አዎ። ክብደቱን በደረቁ ሳይሆን ውሃ ጠጥቶ እንደጠገበ አስበህ ንገረው።

ጥያቄ፦ እኛ ዘግይተናል። ተክለን ጨርሰን ኮርኒሱ ላይ እርጥበት ወጣ። ከየት ቆፍረን እንጀምር?

መልስ፦ እርጥበቱ ከወጣበት ቦታ በላይ አትቆፍሩ። ውሃ ከሜምብሬኑ ሥር ሜትሮች ሄዶ ሊወርድ ይችላል። መጀመሪያ መውጫዎቹን ፈትሹ፣ በተለይ ሜምብሬኑ ከቱቦው ጋር የተጣበቀበትን። ቀጥሎ የፓራፔቱን ጥግ እዩ፤ ሜምብሬኑ ከአፈሩ ወለል ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ማለቅ ነበረበት። ብዙ ጊዜ አፈር ሲጨመር ይህ ከፍታ ይዋጣል፣ ውሃውም በላዩ ይሻገራል። ከዚያ ሶሌታውን በስቶ የሚያልፍ ቱቦና ገመድ ካለ እሱን። ጠጠር ያለበት ስለሆነ እነዚህን ሁሉ አንድ ተክል ሳትነቅሉ ማየት ትችላላችሁ።

ገና ያልተከላችሁ ደግሞ አፈር ሳይወጣ መውጫዎቹን ድፈኑና መሐንዲሱ ክብደቱን ከፈቀደ ሜምብሬኑ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ሞልታችሁ ከ24 እስከ 48 ሰዓት አቆዩት። ተቋራጩ «አያስፈልግም፣ እኔን እመኑኝ» ቢላችሁም ሙሉት።