የክላሲክ መኪና ኢንሹራንስ፦ ስለ ስምምነት ዋጋ የጠየቃችሁኝና መልሶቼ

ለዓመታት ካሳ ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። አሁን የቆዩ መኪኖችን ለሚይዙ ሰዎች ከመፈረማቸው በፊት ፖሊሲያቸውን አነብላቸዋለሁ። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጠየቃችሁ፣ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። የትኛው ኩባንያ ይሻላል ለሚለው መልስ የለኝም፤ ወረቀቱን አንብቡ ነው የምለው። በምሳሌዎቹ ውስጥ 100 ስል 100 ሺህም 100 ሚሊዮንም አድርጋችሁ ውሰዱት።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ሙሉ ኢንሹራንስ አለው። ይሄ የስምምነት ዋጋ የሚባለው ምን ይጨምርልኛል?

መልስ፦ ሙሉ ኢንሹራንስ የሚነግርህ የትኛው አደጋ እንደሚሸፈን ነው። ስንት እንደሚከፈልህ ሌላ ጉዳይ ነው። በተለመደው ፖሊሲ መኪናው ቢሰረቅ ወይም ከጥቅም ውጪ ቢሆን የሚከፈልህ አደጋው በደረሰበት ቀን የነበረው የገበያ ዋጋ ነው። እሱን የሚያወጣው ደግሞ የኩባንያው ገማች ነው። ሞዴሉን ያያል፣ የተሠራበትን ዓመት ያያል፣ የሄደውን ኪሎ ሜትር ያያል፣ ከዚያ የእርጅና ቅናሽ ያነሳል። ለአምስት ዓመት መኪና ይሄ አያስከፋም። ለቆየ መኪና ግን አይሠራም።

ቮልስን እንውሰድ። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቶ የመጨረሻው በ2003 እ.ኤ.አ. ከሜክሲኮ ፋብሪካ ወጣ። እስከ 1953 መጀመሪያ የተሠሩት የኋላ መስታወታቸው መሃል ለመሃል ለሁለት የተከፈለ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ሞላላ መስታወት መጣ፣ በ1957 ደግሞ እሱም ቀርቶ ሰፊ ሆነ። የሚያውቅ ሰው ከሩቅ አይቶ ይለያቸዋል፣ የዋጋቸውም ልዩነት ሰፊ ነው። የገማቹ ሠንጠረዥ ግን ይሄን አያውቅም፤ ለእሱ ሁሉም ያው አሮጌ ቮልስ ናቸው።

የስምምነት ዋጋ ይሄን ክርክር ከአደጋው በፊት ይጨርሰዋል። አንተና ኩባንያው አንድ ቁጥር ላይ ትስማማላችሁ፣ ፖሊሲው ላይ ይሰፍራል፣ መኪናው ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ያው ቁጥር ይከፈላል። ኤክሰስ፣ ማለትም ከጉዳቱ አንተ ራስህ የምትሸከመው ድርሻ፣ ካለ ይቀነሳል። በቃ።

ጥያቄ፦ የእኔ ፖሊሲ ላይ 100 ተብሎ ተጽፏል። እንግዲህ ተስማምተናል ማለት ነው አይደል?

መልስ፦ ኧረ ቆይ! ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ቁጥር መጻፉ ብቻውን ስምምነት አያደርገውም። የተገለጸ ዋጋ የሚባል ሌላ ዓይነት አለ። አንተ ቁጥሩን ትናገራለህ፣ እነሱ ይጽፉታል፣ አረቦኑንም፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የምትከፍለውን፣ በእሱ ላይ ያሰሉብሃል። ልዩነቱ የፊተኛው ገጽ ላይ አይታይም። ካሳ እንዴት እንደሚከፈል የሚናገረውን ክፍል ፈልገህ አውጣ። እዚያ ላይ ይሄን የመሰለ ዓረፍተ ነገር ካገኘህ ተጠንቀቅ፦ ኩባንያው በፖሊሲው ከተገለጸው መጠን፣ በጉዳቱ ቀን ከነበረው የገበያ ዋጋና ከጥገናው ወጪ አነስተኛውን ይከፍላል።

እንግዲህ አስላው። 100 አስጻፍክ፣ በ100 ሂሳብ ከፈልክ፣ ገማቹ መጥቶ 60 ነው አለ። የሚደርስህ 60 ነው። መኪናው ተወዶ 130 ቢያወጣስ? ያኔ 100። ማለትም ወደ ላይ ጣሪያ አለህ፣ ወደ ታች ወለል የለህም።

አንተ የምትፈልገው በሙሉ ጉዳት ጊዜ የስምምነት ዋጋው ይከፈላል የሚል፣ ጅራት የሌለው ቃል ነው። ከኋላው «እስከ» ወይም «ከገበያ ዋጋ ሳይበልጥ» የሚል ከተንጠለጠለበት የስምምነት ዋጋ አይደለም፣ የሻጩ ወረቀት ምንም ብሎ ቢጠራው። ሻጩ በስልክ «ያው ነው፣ አታስብ» ካለህ፣ ያንኑ በኢሜይል ጻፍልኝ በለው። የሚጽፍልህ ከሆነ ጥሩ። ካቅማማ መልስህን አገኘህ።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ቁጥሩ ከየት ይመጣል? ልቤ ውስጥ ያለውን ብናገር ይቀበሉኛል?

መልስ፦ ልብሽ ውስጥ ያለው ቁጥር ሁልጊዜ ከፍ ያለ ነው፤ የሁላችንም እንደዚያ ነው። ማስረጃ ያስፈልግሻል። ትልቁ ማስረጃ ተመሳሳይ መኪና በቅርቡ የተሸጠበት ዋጋ ነው። የተሸጠበት ነው ያልኩት። ማስታወቂያ ላይ የተለጠፈ ዋጋ የሻጩ ምኞት ነው። የጨረታ ውጤት ስታዪም ልብ በይ፣ ብዙ ጊዜ የሚዘገበው ቁጥር ገዢው ለጨረታ ቤቱ የሚከፍለውን ኮሚሽን ይጨምራል።

ተመሳሳይ ስል ደግሞ በእውነት ተመሳሳይ። መርሴዲስ 300 ኤስኤል፣ ያ በሩ ወደ ላይ የሚከፈተው፣ ከ1954 እስከ 1957 እ.ኤ.አ. 1,400 ተሠርቷል። ከእነዚያ ውስጥ 29ኙ ብቻ ሙሉ ቦዲያቸው አሉሚኒየም ነው። የአሉሚኒየሙን ዋጋ ለብረቱ ማስረጃ አድርጎ የሚያመጣ ሰው ጊዜውን ያባክናል። ሞተሩ ከፋብሪካ አብሮት የወጣው መሆን አለመሆኑም ትልቅ ልዩነት ያመጣል። የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሰነድሽ ጋር አስተያዪ፣ ሁለቱንም ፎቶ አንሺ።

ስለ ፎቶ ካነሳሁ፣ ሰዎች የሚልኩልኝ መኪናው ታጥቦ በፀሐይ የተነሳውን ነው። እሱ ለፌስቡክ ጥሩ ነው። ለካሳ የሚጠቅመው ሆዱ ነው። ክሪክ አግቢ ወይም ጋራዥ ጉድጓድ ላይ አቁሚው፣ ከሥር ወለሉን አንሺ፣ የጎማ ቤቶቹን ውስጥ፣ የበሩን ታችኛ ጠርዝ፣ የሻንጣውን ምንጣፍ ገልጠሽ ላሜራውን። ዝገት የሚጀምረው እዚያ ነው፣ ዝገት እንዳልነበረ የምታሳዪውም እዚያ ነው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውንም ጨምሪ። ደረሰኞቹን ሁሉ ስካን አድርገሽ ከመኪናው ጋር ጋራዥ ውስጥ ሳይሆን ሌላ ቦታ አስቀምጪ፤ እሳት ከተነሳ አብረው ነው የሚሄዱት።

ደረሰኝ ግን ዋጋ አይደለም። ለቀለምና ለላሜራ ሥራ 80 አውጥተሽ ሊሆን ይችላል፣ መኪናው ግን በ50 የሚሸጥ ከሆነ ገዢው ሌላውን 30 አይሰጥሽም። ኩባንያውም አይሰጥሽም። መኪናው ብርቅ ከሆነና የሽያጭ ዋጋ ካላገኘሽ በቆየ መኪና የሚሠራ ገለልተኛ ገማች ቅጠሪ፤ ሪፖርቱ ላይ ዋጋውን ከምን ተነስቶ እንዳወጣ ካልጻፈ አትክፈዪው።

ጥያቄ፦ ሆን ብዬ ከፍ ባስደርገውስ? ወይም አረቦን ለመቆጠብ ዝቅ ባደርገው?

መልስ፦ ከፍ ለማድረግ ብለህ የሐሰት ማስረጃ ካቀረብክ ማጭበርበር ነው፣ ሲታወቅ ምንም አይከፈልህም። የስምምነት ዋጋ ሐሳብ የድሮ ነው፣ መርከብና ጭነት ላይ ሲሠራበት የኖረ። የእንግሊዝ የ1906 የባሕር መድን ሕግ እንኳ የተስማሙበት ዋጋ በሁለቱ መካከል የመጨረሻ ነው ካለ በኋላ ማጭበርበር ከሌለበት ይላል። ቁጥሩን የሚያጸናልህ ሐቀኝነትህ ነው።

ዝቅ ማድረግ ደግሞ ብዙ ሰው የማያየው ጣጣ አለው። መኪናህ 100 ያወጣል፣ ለመቆጠብ ብለህ በ50 ተስማማህ። አንድ ቀን ተገጨና ጥገናው 40 ጠየቀ። በእውነተኛ ዋጋው ቢሆን ይጠገን ነበር። አሁን ግን ጥገናው ከስምምነት ዋጋው ጋር ተቃርቧል፣ ኩባንያው ከጥቅም ውጪ ነው ይልና 50 ሰጥቶህ መኪናውን ይወስዳል። ሊጠገን የሚችል መኪና በግማሽ ዋጋ ሸጥክላቸው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ከተራው ኢንሹራንስ ይወደዳል?

መልስ፦ የሚገርመው ብዙ ጊዜ ይረክሳል። መኪናው ትንሽ ስለሚነዳ ነው። ግን ግዴታ አለው። የተዘጋና የሚቆለፍ ጋራዥ፣ ለየዕለቱ የምትነዳው ሌላ መኪና፣ አንዳንዴ የዓመት ኪሎ ሜትር ገደብ፣ የሾፌሮች ዕድሜና ልምድ። እነዚህን ማሟላት የማትችል ከሆነ ርካሽ ነው ብለህ አትግባ። ጋራዥ ውስጥ ይቆማል ብለህ ፈርመህ መንገድ ዳር እያደረ ከተሰረቀ ጥፋቱ ከኩባንያው ጋር አይደለም።

ጥያቄ፦ አንዳንዴ ይዤው ሥራ ብሄድ ማን ያውቃል?

መልስ፦ አደጋ እስኪደርስ ማንም። ከደረሰ ግን ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮህ አጠገብ ምን ትሠራ ነበር ብሎ የሚጠይቅ አለ። አልፎ አልፎ የሚፈቅዱ ፖሊሲዎች አሉ፣ በጽሑፍ አስፈቅድ።

ጥያቄ፦ ለሠርግ ያከራየሁ እንደሆነስ?

መልስ፦ ገንዘብ ከተቀበልክ ኪራይ ነው፣ የግል ፖሊሲ አይሸፍነውም። ለወንድምህ ሠርግ በነጻ መንዳት ሌላ ነገር ነው። እሽቅድምድምም እንዲሁ፣ ትራክ ላይ ለመዝናናት ብቻ ነው ብትልም አብዛኞቹ አይሸፍኑም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የእኔ ገና እየታደሰ ነው። ሞተሩ አንድ ቦታ፣ በሮቹ ሌላ ቦታ፣ ቦዲው ቀለም ቤት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው ልጄ፣ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው በዚህ ጊዜ ነው። በመጀመሪያ፣ መኪናው በተበተነበት ሁኔታ የሚሸፍን ፖሊሲ ያስፈልግሃል። አንዳንዱ የሚሸፍነው ጋራዥህ ውስጥ የቆመውን መኪና ብቻ ነው፣ ቀለም ቤት ያለውን በር አይደለም። ዕቃው የት የት እንዳለ ዘርዝረህ አሳውቃቸው። ቀለም ቤቱንና ሞተር ሠሪውን የራሳችሁ ኢንሹራንስ የደንበኛ ዕቃ ይሸፍናል ወይ ብለህ ጠይቅ፤ ይሸፍናል ካሉህ ወረቀቱን አሳዩኝ በል፣ አትፈር።

ሁለተኛ፣ ዋጋው በየጊዜው ይጨምራል። ባዶ ቦዲ እያለ የተስማማህበት ቁጥር ሞተር ከገባ በኋላ አይበቃም። ዓመት እስኪሞላ አትጠብቅ። ትልቅ ሥራ ባለቀ ቁጥር ፎቶና ደረሰኝ ልከህ ቁጥሩን አስለውጥ፣ ማሻሻያውንም በጽሑፍ ተቀበል። ሁለት መስመር ኢሜይል ነው። ተጠናቆ ከጋራዥ የወጣ ቀን ተቃጥሎ ፖሊሲው ላይ ያለው ቁጥር የቅርፊቱ ዋጋ የሆነበት ሰው ካሳ ክፍል ጠረጴዛ ፊት ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። አያድርስ።

ጥያቄ፦ ዋጋው ከተስማማን በኋላ ገበያው ቢለወጥስ?

መልስ፦ ቢረክስ ምንም አትሆንም፤ ፖሊሲው እስኪታደስ ድረስ ቁጥሩ ያው ነው። ቢወደድ ግን ልዩነቱ ከኪስህ ነው። በዓመቱ መካከል በራሱ ትንሽ የሚጨምሩ ፖሊሲዎች አሉ፣ ግን በእነሱ ተማምነህ አትተኛ። የፖሊሲው ዕድሳት ሲደርስ የላኩልህን ዝም ብለህ ከመክፈል በፊት ዋጋውን እንደገና አጣራ። በ2018 እ.ኤ.አ. አንድ ፌራሪ 250 ጂቲኦ በ48.4 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ ፌራሪ ያለው ሁሉ ሀብታም የሆነ መስሎት ነበር። የሌላ መኪና ዜና የአንተን ዋጋ አይጨምርም፣ የአንተን ሞዴል ተከታተል።

ጥያቄ፦ ከጥቅም ውጪ ከተባለ በኋላ መኪናውን ማስቀረት ይቻላል? የአባቴ ነበር፣ ብረቱም ቢሆን እንዲወሰድ አልፈልግም።

መልስ፦ ይቻላል፣ ግን ቀድመሽ ከተስማማሽ ነው። ካሳ ከከፈሉ በኋላ ቅሪቱ የእነሱ ይሆናል። ማስቀረት ከፈለግሽ የቅሪቱን ዋጋ ቀንሰው ይከፍሉሻል፤ 100 ተስማምታችሁ ቅሪቱ 15 ከተባለ 85 እና መኪናሽን ትወስጃለሽ። ያልተነገረሽ ነገር ቢኖር ቅሪቱ ስንት ነው የሚሉት እነሱ መሆናቸው ነው። ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት የማስቀረት መብት እንዳለሽና ተቀናሹ እንዴት እንደሚሰላ የሚል ቃል አስገቢ። እንደ አንቺ ስሜት ላለበት መኪና እኔ ከዋጋው እኩል ነው የማየው። በብዙ አገር እንዲህ ያለ መኪና እንደገና ለመንገድ ሲመዘገብ ምርመራ እንዳለበትም እወቂ።

ጥያቄ፦ ትንሽ ግጭት ሲሆንስ? መከላከያው ብቻ ቢጣመም?

መልስ፦ ያኔ የስምምነት ዋጋው ሥራ የለውም፤ የሚከፈለው ጥገናው ነው። ስለዚህ ጥያቄው ይለወጣል። ጋራዡን ማን ይመርጣል? ኦሪጂናል ዕቃ ይገዛሉ ወይስ ተመሳሳዩን? በአዲሱ መለዋወጫ ላይ የእርጅና ቅናሽ ያነሳሉ? አንድ በር ብቻ ተቀብቶ ከሌላው ቀለም ጋር ባይገጥም ምን ይደረጋል? ከሙሉ ጉዳት ይልቅ የሚደርስብህ ይሄ ነው፣ ግን ማንም አይጠይቅም።

ጥያቄ፦ ዝገትና አይጥ ይሸፈናል?

መልስ፦ ዝገት አይሸፈንም፣ የሞተር መበላሸትም እንዲሁ። አይጥ ሽቦ ከበላ አንዳንዱ ይከፍላል፣ አብዛኛው አይከፍልም። ባትሪውን ንቀል፣ ወጥመድ አስቀምጥ።

ጥያቄ፦ መጋዘን ያጠራቀምኳቸው መለዋወጫዎችስ? ካርቡሬተር፣ ቸርኬ፣ የፊት መስታወት።

መልስ፦ መኪናው ላይ ካልተገጠሙ በመኪናው ዋጋ ውስጥ የሉም። ለብቻ መጠን ይጨመርላቸዋል። ዘርዝራቸው፣ ፎቶ አንሳቸው።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ ቢቆምብኝ የሚጎትት መኪና ይልካሉ?

መልስ፦ ይልካሉ፣ ግን ምን ዓይነት ነው? ጎማ አንጠልጥሎ የሚጎትተው ለዝቅተኛ መኪና አይሆንም፣ የፊት መከላከያውን ይዞት ይሄዳል። ሙሉ በሙሉ ጭኖ የሚወስድ እንደሆነ ፖሊሲው ላይ ፈልግ፣ ከሌለ አስጨምር፤ ሾፌሩ ሲመጣም ሰንሰለቱን የት እንደሚያስር አንተ አሳየው።