መልስ፦ ሰው አየር መንገድ ለመግባት ለምን ይሻማል?

«ደሞዙ ነው ወይስ ነፃ ትኬቱ?» ላልከው፣ በእኔ እምነት ትልቁ ነገር ሥልጠናው ነው። በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ መብረር የጀመረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪውንም፣ ቴክኒሺያኑንም፣ አስተናጋጁንም ራሱ ያሠለጥናል። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስልህ! ቦይንግ 787 ወይም ኤርባስ ኤ350 መጠገን የቻለ ልጅ ሙያው ድንበር የለውም። ኳታር ኤርዌይስም የሚያበረው እነዚህኑ ነው።

ትኬቱ ግን እንደሚወራው አይደለም። የሠራተኛ ትኬት አብዛኛውን ጊዜ ስታንድባይ ነው። መቀመጫ ከተረፈ ትሄዳለህ፣ ካልተረፈ ሻንጣህን እየጎተትክ ወደ ቤት። በተለይ የበዓል ሰሞን ከባድ ነው፤ ቼክ ኢን ሊዘጋ ጥቂት ደቂቃ እስኪቀረው ቆመህ ስምህ እስኪጠራ ትጠብቃለህ። ያም ሆኖ እናትን በቅናሽ ትኬት ውጭ ያለ ልጇ ጋ ማድረስ ትልቅ ደስታ ነው።

ፈረቃው ሌሊት የለ፣ ዓመት በዓል የለ፤ እሱን ከወዲሁ እወቀው። ደግሞ እባክህ ውሉን ሳታነብ አትፈርም። የሚያሠለጥን አየር መንገድ ብዙ ጊዜ የአገልግሎት ግዴታ ያስገባል። ስንት ዓመት እንደሆነ፣ አቋርጠህ ብትወጣ ምን ያህል እንደምትከፍል፣ ዋስ ያስፈልግ እንደሆነ ቀድመህ ጠይቅ።