ጥያቄና መልስ፦ ምኩራብ ገብቼ «አሜን» ብል ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አንዲት አይሁዳዊት አሮጊት እየተንከባከብኩ ነው የምሠራው። ቅዳሜ ጠዋት በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ ምኩራብ አደርሳቸዋለሁ፤ ጸሎቱ እስኪያልቅም አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ሽማ፣ አሚዳ፣ ቃዲሽ ሲባል እሰማለሁ፤ ግን ምኑም አይገባኝም። ሰው ሁሉ «አሜን» ሲል ግን ሳላስበው እኔም እላለሁ። አንዷ ጓደኛዬ «ክርስቶስን ካድሽ» አለችኝ። ሌላዋ ደግሞ «ያው ኦሪት አይደል? የኛው ነው» አለች። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሁለቱም ጓደኞችሽ ቸኩለዋል።

በሐዋርያት ስም ከሚጠሩት ቀኖናት አንዱ፣ ካህንም ሆነ ምእመን ለመጸለይ ብሎ ወደ አይሁድ ምኩራብ እንዳይገባ ይከለክላል። ይህን ደብቄ «ምንም ችግር የለውም» አልልሽም። ግን «ለመጸለይ» የምትለዋን ልብ በይ። አንቺ የገባሽው ወንበር እየገፋሽ ነው። እንጀራሽ ነው፤ ደግሞም አቅም ያነሳቸውን ሰው እየጦርሽ ነው። ይህን ክህደት ብሎ የሚጠራ ሰው ክህደት ምን እንደሆነ አላወቀም።

እኔን የከነከነኝ «ሳላስበው» ያልሽው ነው። ቅዱስ ጳውሎስ የሚባለውን የማያውቅ ሰው እንዴት አድርጎ አሜን ይላል ብሎ ይጠይቃል (1ኛ ቆሮ. 14፥16)። ስለዚህ መጀመሪያ የምትሰሚውን እወቂ።

ፊት ለፊት መጋረጃ ያለበት ቁም ሣጥን የመሰለ ነገር አይተሽ ይሆናል። አሮን ቆዴሽ ይባላል። በውስጡ ያሉት የቶራ ጥቅልሎች ናቸው፤ አምስቱ የሙሴ መጻሕፍት ማለት ነው። ሲከፈት ሁሉም ብድግ የሚለው ለእነሱ ክብር ነው። ጥቅልሉን ሶፌር የሚባል ጸሐፊ በብራና ላይ በእጁ ይጽፈዋል። አንዲት ፊደል ብትበላሽ እስክትታረም ድረስ አይነበብበትም። ሲያነቡም ብራናውን በጣት አይነኩም፤ ጫፉ ላይ ትንሽ እጅ በተቀረጸበት ዘንግ መስመሩን ይከተላሉ። መጽሐፉ በ54 ክፍል ተከፍሎ በየሳምንቱ እየተነበበ በዓመት ያልቃል። ከእሱ ቀጥሎ ሃፍታራ የሚሉት የነቢያት ንባብ አለ። ጌታችን በናዝሬት ምኩራብ ተነሥቶ ኢሳይያስን እንዳነበበ ሉቃስ ጽፎልናል (ሉቃ. 4፥16-20)። ይህን ንባብ ቁጭ ብለሽ ብትሰሚ የምትጎጂው ነገር የለም።

ሽማ የሚሉት ቀኝ እጃቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ነው። «እስራኤል ሆይ፥ ስማ» የሚለው የዘዳግም ቃል ነው (6፥4)። ጌታችንም ከትእዛዛት ሁሉ ፊተኛዪቱ ብሎ የጠቀሰው ይህንኑ ነው (ማር. 12፥29)።

አሚዳ ቆመው፣ እግራቸውን ገጥመው፣ በለሆሳስ የሚጸልዩት ነው። ሴትዮዋ መቆም ካቃታቸው ተቀምጠው ይሉታል። በዚያ ሰዓት «ውሃ ልስጥዎት?» ብለሽ እንዳታናግሪያቸው፤ እስኪጨርሱ ጠብቂ። ቀጥሎ መሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲደግመው «ካዶሽ፣ ካዶሽ፣ ካዶሽ» የሚል ትሰሚያለሽ። ካዶሽ በተባለ ቁጥር ሰዎቹ ተረከዛቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ይህ ኢሳይያስ ከሱራፌል የሰማው ምስጋና ነው። አንቺም እሑድ እሑድ «ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ እግዚአብሔር ጸባዖት» ትያለሽ።

ቃዲሽ የሐዘንተኞች ጸሎት ስለሆነ ብዙ ሰው ፍትሐት ይመስለዋል። ስለ ሞት ግን አንድም ቃል የለበትም። አብዛኛው በአራማይክ ነው፤ ታላቁ የእግዚአብሔር ስም ከፍ ይበል፣ ይቀደስ፣ መንግሥቱም ፈጥና ትምጣ ይላል። አቡነ ዘበሰማያትን የምታውቂ ሰው እንግዳ አይሆንብሽም። ወላጁ የሞተበት ሰው 11 ወር ይለዋል። የሚባለውም አሥር ሰው ሲሞላ ብቻ ነው። ሐዘንተኛ ብቻውን ቆሞ እንዳያለቅስ የሚያደርግ ሥርዓት ስለሆነ እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል። እዚህ ላይ «አሜን» ብትዪ ለእግዚአብሔር ስም ነው ያልሽው፤ የሚያስነቅፍሽ አይመስለኝም።

አሜንሽን የምትይዢበት ቦታ ግን አለ። ከነቢያት ንባብ በኋላ ከሚባሉት ቡራኬዎች አንዱ ኤልያስ እንዲመጣ፣ የመሢሑ የዳዊት ቤት መንግሥትም ፈጥኖ እንዲደርስ የሚለምን ነው። እነሱ ገና ይጠብቃሉ። እኛ ደግሞ የዳዊት ልጅ ከድንግል ማርያም ተወልዶ፣ ተሰቅሎ፣ ተነሥቷል ብለን እናምናለን። እዚያ ጋ ዝም በዪ። ማንም አይታዘብሽም፤ አንቺም የማታምኚበትን አላጸደቅሽም።

ወደ ሁለተኛዋ ጓደኛሽ ልምጣ። «ያው ኦሪት ነው» የምትለው ነገር ያን ያህል ቀላል አይደለም። አሁን በምኩራብ የምትሰሚው ሥርዓት ቅርጹን የያዘው በአብዛኛው ቤተ መቅደሱ በ70 ዓ.ም. ከፈረሰ በኋላ፣ በረቢዎች እጅ ነው። መሥዋዕት ቀርቶ ጸሎት ቦታውን ተክቷል። ራቅ ሳንል የአገራችንን ቤተ እስራኤላውያን ብናይ፣ መጽሐፋቸውን ኦሪት ይሉታል። ጸሎታቸውን በግእዝ ያደርሱ ነበር፤ መሪዎቻቸውም ቄስ ነው የሚባሉት። እስራኤል ሲገቡ እነዚህ የዕብራይስጥ ጸሎቶች ለብዙዎቹ አዲስ ነበሩ። አይሁድ ከአይሁድ እንኳ በሥርዓት እንዲህ ከተለያየ፣ «የኛው ነው» ብለሽ አትግቢበት።

ስለ ቤትም ጥቂት ልጨምር። ዓርብ ማታ ወይን ጽዋ ይዘው የሚባርኩት ኪዱሽ ይባላል፤ የሰንበት መቀበያ ነው። ከእኛ ቅዱስ ቁርባን ጋር አታምታቺው። ወይኑን ራሳቸው ይቅዱት። ሕጉን የሚያጠብቁ ቤቶች አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው የነካውን ወይን ላይጠጡት ይችላሉና ቅር እንዳትሰኚ። በማዕዱ ላይ የዶሮ ሾርባ መምጣቱ አይቀርም፤ አንቺ ደግሞ ዓርብሽ ጾም ነው። በግልጽ ንገሪያቸው። ኮሸር የሚሉትን የአይሁድ የምግብ ሥርዓት የሚጠብቅ ሰው የምግብ ሕግ ምን እንደሆነ ይገባዋል። እንዲሁም ቅዳሜ «መብራቱን አብሪ» ሳይሉ «እዚህ ጨለመ» ቢሉሽ ስላቅ እንዳይመስልሽ። በሰንበት እሳቸው አያበሩም፤ ሌላውንም በቀጥታ ማዘዝ አይፈልጉም። ተነሥተሽ አብሪላቸው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ እነሱ የእግዚአብሔርን ስም ሲፈሩ ለጉድ ነው። አዶናይን ለጸሎት ብቻ ያስቀምጡታል፤ በተራ ወሬ «ሃሼም»፣ ማለትም «ስሙ» ይላሉ። እኛ «ኤልሻዳይ»ን የሱቅ ታፔላ ላይ ነው የምንሰቅለው! እሳቸው ፊት አምላካዊ ስሞችን እየጠራሽ ባትጨዋወቺ ጥሩ ነው።

«ጉት ሻቦስ» ሲሉሽ ሰላምታ ነው፤ መልሺላቸው። ይህን ሁሉ ለንስሐ አባትሽም ንገሪያቸው፤ ያንቺን ሁኔታ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። ለእኔ ግን ከአሜኑ በላይ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ቅዳሜን ምኩራብ ውለሽ እሑድም ሥራ ከገባሽ መቼ ታስቀድሻለሽ? ሴትዮዋን ራሳቸውን ጠይቂ። የቅዳሴውን ሰዓት በወረቀት ጽፈሽ ለልጆቻቸው ስጪ፤ የእሑዱን ፈረቃ በዚያ ያስተካክሉልሽ።