የዱቤ ደብተሩን ፃፊው

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምኖረው፣ 11ኛ ክፍል ነኝ፣ ከ9ኛ ጀምሮ አንደኛ ነው የምወጣው። አሜሪካ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ጋ ማመልከት እፈልጋለሁ ግን ክለብ የለኝም ሽልማትም የለኝም፣ ከትምህርት መልስ ታይዋን የሚባለው ገበያ እናቴ ሱቅ ነው የማመሸው፣ እሷ ፊደል ስላልቆጠረች የዱቤ ደብተሩን እኔ ነኝ የምይዝላት። አንድ ፕሮሰስ የሚያደርግ ሰውዬ 60 ሺህ ብር ክፈሉኝ ከማመልከቻው ጋ የሚላከውን ስለራስ የሚፃፍ ኤሴም እኔው እፅፍላታለሁ ፉል ስኮላርሺፕ በእርግጠኝነት ይመጣል አለን፣ እናቴ ወርቋን ልትሸጥ ነው። ምን ይሉኛል?
የሳቢያኗ ተማሪ

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ወርቁ አይሸጥ። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን፣ ይሄን ግን ዛሬውኑ ለእናትሽ ንገሪያቸው። ስኮላርሺፕ በእርግጠኝነት ይመጣል ብሎ ቃል መግባት የሚችል ሰው የለም፣ እዛው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚሰራም አይችልም። ኤሴውን እፅፍላታለሁ ማለቱ ደሞ ከገንዘቡም ይብሳል፣ ምክንያቱም የማመልከቻ ፎርሙ መጨረሻ ላይ ይሄ የራሴ ስራ ነው ብለሽ ትፈርሚያለሽ፣ ውሸት ሆኖ ከተገኘ ከተቀበሉሽ በኋላም ሊሰርዙት ይችላሉ።

እኛ አገር መግቢያ ሲባል ሰው ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው ማትሪክ ነው፣ መስመር አለ፣ መስመሩን ካለፍሽ አለፍሽ። የ2014ቱን ታስታውሻለሽ፣ 50 ከመቶና ከዛ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው አገር ምድሩ የደነገጠበትን። ሀርቫርድም ከ100 አመልካች የሚቀበለው 4 ገደማ ነው፣ ቁጥሩ ይቀራረባል ነገርየው ግን ለየቅል ነው፣ እዛ የማለፊያ ነጥብ የሚባል ነገር የለም። አንደኛ የሚወጣ ልጅ ከየአገሩ በሺዎች ይመጣላቸዋል፣ ስለዚህ ውጤትሽ በሩ ድረስ ያደርስሻል እንጂ ብቻውን አያስገባሽም፣ ከዛ በኋላ ፋይልሽን የሚያነበው ሰው የሚፈልገው ይቺ ልጅ ማን ናት፣ በእጇ ባለው ነገር ምን ሰራች፣ የሚለውን ነው።

እና አንቺ የዱቤ ደብተሩን በአንድ መስመር አለፍሽው፣ እኔ ግን እሱ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ታይዋንን አውቀዋለሁ፣ ወበቁ በረድ ሲል ሰው መውጣት ሲጀምር አንዱ በሶማሊኛ ዋጋ ይከራከራል፣ አንዷ በኦሮምኛ ነገ እከፍላለሁ ትላለች፣ አንቺ ቁጭ ብለሽ በአማርኛ ትመዘግቢያለሽ። ስሙን የማታውቂውን ሰው ምን ብለሽ ነው የምትፅፊው፣ ባለ ባጃጁ? የአሸዋ ሰፈሯ እናት? ሳይከፍል የጠፋ ሰው ሲኖር ስሙን ትሰርዢዋለሽ ወይስ እንዳለ ይቀመጣል? እናትሽ በቃላቸው የያዙት ሂሳብና አንቺ የፃፍሽው ተጋጭቶ ያውቃል፣ ያን ቀን ማን ነበር ልክ? ኤሴሽ የነዚህ መልስ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ በሚቀበሉት ኮመን አፕ በሚባለው ፎርም ላይ ዋናው ኤሴ ከ650 ቃል አይበልጥም፣ አንድ ነገር ቀረብ አድርገሽ ለማሳየት ይበቃል፣ የህይወት ታሪክ ለመተረክ ግን አይበቃም። ከልጅነቴ ጀምሮ አገሬን የመለወጥ ህልም ነበረኝ ብለሽ እንዳትጀምሪ፣ በናትሽ፣ እሱን ማንም ይለዋል፣ ደብተሩ ግን ያንቺ ብቻ ነው።

ክለብ የለኝም ላልሽው፣ አቦ ይሄን ማን እንደሚነግራችሁ አላውቅም። ፎርሙ ላይ ከክፍል ውጪ የምትሰሪው እስከ 10 አክቲቪቲ መሙያ አለ፣ ከምርጫዎቹ ውስጥ ስራና የቤተሰብ ሃላፊነት የሚሉ ራሳቸውን ችለው ተቀምጠዋል፣ በሳምንት ስንት ሰዓት በዓመት ስንት ሳምንት ብሎ ይጠይቅሻል፣ ሱቅ ውስጥ በሳምንት 20 ሰዓት ከሆንሽ 20 ብለሽ ሙይ። ለማመልከቻ ብለሽ አሁን ማህበር አቋቁመሽ ፕሬዝዳንት እንዳትሆኚ፣ ጊዜሽን ለሂሳብና ለእንግሊዝኛ አውይው።

አንድ የምቆጭበትን ልንገርሽ። ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ የከዚራ ሰፈር ልጅ ኤሴውን ይዞልኝ መጣ፣ አባቱ ሬዲዮ ሲጠግኑ የሚያሳይ ነበር፣ እንግሊዝኛው ይሰባበራል ግን የሰውየው ጣቶች ይታዩሻል፣ መነፅራቸውን በክር እንዳሰሩት ሁሉ ፅፎታል። እኔ ላሳምርልህ ብዬ ሁለት ማታ ቁጭ ብዬ አሳመርኩለት፣ ሲያልቅ ሳነበው ልጁም የለበት አባቱም የሉበት፣ ክሩም ወጥቷል። ወደነበረበት እንዳልመልሰው ማስገቢያው ቀን ደርሶ ነበር። ስለዚህ የእንግሊዝኛ አስተማሪሽ ስፔሊንግና ግራመሩን ይዩልሽ፣ ከዛ አልፎ ማንም አይንካው፣ እኔም ጭምር።

ገንዘቡ ጋ ስትደርሺ ጠንቀቅ በይ። ሀርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ ዳርትመዝ፣ አምኸርስትና ቦውዶይን የውጭ አገር ተማሪም ሲመርጡ መክፈል ትችላለች ወይ ብለው አያዩም፣ ኒድ ብላይንድ የሚሉት ይሄን ነው፣ ከተቀበሉሽ ደሞ ቤተሰብሽ የማይችለውን ይሸፍናሉ። ሌሎቹ አብዛኞቹ ግን የውጭ ተማሪ እርዳታ ሲጠይቅ ውሳኔያቸው ውስጥ ያስገቡታል። ይሄን የሰሙ ልጆች ቤተሰቤ ይሄን ያህል ሺህ ዶላር በዓመት ይከፍላል ብለው ይሞላሉ፣ ተቀባይነቱ ይመጣል ብሩ ከየት ይምጣ፣ ይቀራሉ። እውነቱን ሙይ። እናትሽ የደመወዝ ወረቀት የላቸውም ግን ደብተሩ አለ እኮ፣ ከሱ ተነስተሽ የዓመቱን ገቢ አስልተሽ መፃፍ ትችያለሽ። የማመልከቻ ክፍያው በአንዱ 75፣ 80 ዶላር ገደማ ቢሆንም ክፍያውን የሚያስቀር ፊ ዌቨር የሚባል አለ፣ አልችልም ብለሽ መጠየቅ ነው። ዝርዝርሽ ውስጥ ደሞ የታወቁትን ስሞች ብቻ አትደርድሪ፣ ኬንታኪ ያለው በርያ ኮሌጅ ከማንም ተማሪ የትምህርት ክፍያ አይቀበልም፣ ሁሉም ግቢው ውስጥ እየሰራ ነው የሚማረው፣ ሰርቶ ላደገ ልጅ የሚሆን ቦታ ነው። ጋና ያለውን አሼሲ ዩኒቨርሲቲንም እዪው።

ቀኑን በኛ አቆጣጠር ያዢው። ኮመን አፕ የዓመቱን ፎርም የሚከፍተው ሐምሌ 25 ነው፣ የመጀመሪያው ዙር መዝጊያ ብዙዎቹ ጋ ጥቅምት 22 ገደማ፣ ዋናው ደሞ ታህሳስ 23 አካባቢ፣ መልስ መጋቢት ውስጥ። ችግሩ ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ማህተም የያዘው ሰው አይገኝም፣ ስለዚህ ትራንስክሪፕትሽን ሰኔ ሳያልቅ አስወጪ። ሁለት አስተማሪ ደብዳቤ ይፅፍልሻል፣ ኢሜይላቸውን አሁን ተቀበዪ፣ ጎበዝ ናት ብቻ ብለው እንዳይፅፉ ክፍል ውስጥ የሆነ አንድ ነገር አስታውሻቸው፣ ያን ቀን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ተሳስተው ያረምሻቸውን እንኳን ቢሆን።

ጥያቄ፦ ሐረር ጀጎል ነው የምኖረው። ልጄ 12ኛ ክፍል ነው፣ ቀኑን ሙሉ ስልኩ ላይ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሲያይ ይውላል፣ ለማትሪክ አያነብም። ልከልክለው?
አባት ከጀጎል

መልስ፦ አይከልክሉት፣ ግን ማታውን ለማትሪክ አስለዩት። ቢቀበሉትም ትምህርቱን በደንብ እንዲጨርስ ይጠብቃሉ፣ ባይቀበሉት ደሞ፣ የብዙ ጎበዝ ልጅ እጣ እሱ ነውና፣ በእጁ የሚቀረው ማትሪኩ ነው። ሐሮማያ ቅርባችሁ ነው፣ ያ ግቢ ራሱ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ በአሜሪካ የኦክላሆማ መምህራን እገዛ ነው የተጀመረው፣ እዚሁ ዲግሪ ይዞ ማስተርስና ዶክትሬቱን በስኮላርሺፕ ውጭ መማር ብዙ ሰው የሄደበት መንገድ ነው። እስቲ አንድ ቀን አብረውት ይቀመጡ፣ ምን እየፃፍክ ነው አሳየኝ ይበሉት፣ ማየት ብቻ ከሆነ እሱ ማመልከት አይደለም፣ ራሱም ይገባዋል።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው ኤስኤቲ ግዴታ ነው እንዴ? ለፈተናው ስንት እንደሚከፈልም ቢነግሩኝ።
የድሬ ልጅ

መልስ፦ እንደ ዩኒቨርሲቲው ነው። ኤምአይቲ፣ ሀርቫርድና ዳርትመዝ ከኮሮና በኋላ መልሰው ግዴታ አድርገውታል፣ ሳይጠይቁ የሚቀበሉም ብዙ አሉ። ክፍያው ስለሚቀያየር ስትመዘገብ ገፁ ላይ እየው። ፈተናው አሁን በኮምፒውተር ነው፣ 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ፣ ከ1600 ነው የሚታረመው። ብሉቡክ የሚባለው አፕ ላይ ሙሉ የልምምድ ፈተና በነፃ አለ፣ ኢንተርኔት ላይ የሚያስተምረው ካን አካዳሚም ነፃ ነው። ለኮርስ ከመክፈልህ በፊት አንዱን ሙሉ ፈተና ሰዓት ይዘህ ውሰድ፣ ስልክህን ለእናትህ ስጥና፣ ያመጣኸውን ነጥብ ፃፍልኝ።