በማርስ ላይ በዓል ለምትፈጥሩ ወጣት ጸሐፍት

ውድ ወጣቶች፣

ለረጅም ዓመታት ፊዚክስ ሳስተምር ቆይቼ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምትልኩልኝን የሳይንስ ልቦለድ ረቂቆች በደስታ አነባለሁ። በሩቅ ዘመን ማርስ ላይ የሰፈሩ ሰዎችን ስትስሉ መንኮራኩሩንና የአየር ማጣሪያውን በጥንቃቄ ትገልጻላችሁ፤ በዓል ላይ ስትደርሱ ግን የምድርን አዲስ ዓመት ከነርችቱ ወስዳችሁ ታልፉታላችሁ። አየር በልክ በሚሰፈርበት ጉልላት ውስጥ ርችት መተኮስ ራሱ አደጋ መሆኑ ይታሰባችሁ።

የማርስ ቀን ከ24 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ጥቂት ይበልጣል፤ ዓመቱም 687 የምድር ቀናት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ የአያቶቹን በዓል በምድር አቆጣጠር የሚያከብር ቤተሰብ አንዱን ዓመት በማርስ በጋ፣ ሌላውን በክረምቱ ሊያውለው ነው። ነገሩ ምናብ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ማሌዥያዊው ሼክ ሙስዛፋር ሹኮር በረመዳን ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሲሄዱ፣ የአገራቸው የሃይማኖት ሊቃውንት የጸሎት ሰዓታቸው በተነሡበት ሥፍራ ሰዓት እንዲሰላ፣ ጾሙንም ወደ ምድር ሲመለሱ ማካካስ እንዲችሉ መመሪያ አዘጋጅተውላቸዋል።

የማርስ የራሷ በዓል ግን ከአቧራው ቢወለድ እመርጣለሁ። ፕላኔቷን በሙሉ የሚሸፍነው የአቧራ ማዕበል በየዓመቱ አይነሳም፤ ሲነሳ ግን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ፀሐይን ይጋርዳል። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ማርስ ላይ በፀሐይ ኃይል ስትሠራ የኖረችው ኦፖርቹኒቲ የተባለችው የናሳ ሮቦት ተሽከርካሪ ድምፅዋ የጠፋው እ.ኤ.አ. በ2018ቱ ማዕበል ነው። እንግዲህ በፀሐይ ኃይል የሚኖር መንደር አስቡ፦ መብራት በፈረቃ ይሆናል፣ ልጆች በአንድ በሞቀ ክፍል ተጠጋግተው ያድራሉ፣ ከችግኞቹ የትኛው እንደሚተርፍ በየማታው ይመከራል። ሰማዩ የሚጠራበትን ቀን አስቀድሞ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ለዒድ ጨረቃ እንደሚጠበቅ ሁሉ፣ የኃይል መለኪያውን የሚያነበው ባለሙያ እስኪያውጅ ይጠበቃል። ሲታወጅ ብሩሽ የያዙ ሰዎች ወጥተው ሶላር ፓነሎቹን ይጠርጋሉ፤ የመጀመሪያው መብራት የሚበራው በችግኝ ቤቱ ነው፤ የሚበላውም የተረፈው ድንችና ባቄላ ነው።

በማዕበሉ ሰው የሞተበት ቤተሰብ በዚያ ቀን የት ይቀመጣል? ጭፈራውስ በደጁ ያልፋል? በዓሉን የሰው በዓል የሚያደርገው እንዲህ ያለው ጥያቄ ስለሆነ፣ ከዘፈኑና ከልብሱ በፊት እርሱን አስቡበት። ዋዜማውንም አትርሱ፤ በዓል አብዛኛው ሥራ ነው። ኦክስጅን ማምረቻውን የሚጠብቀው ተረኛ ከቦታው መነሣት ስለማይችል፣ ድርሻውን ማን እንደሚያደርስለትና አብሮት ማን እንደሚያመሽ በሚቀጥለው ረቂቃችሁ ጻፉልኝ።