መልስ፦ እንፋሎት እያለ የካናል ጀልባ ለምን በፈረስ ይጎተት ነበር?

ሰላም ወንድሜ። የእንፋሎት ሞተር ከተፈለሰፈ በኋላም በ19ኛው ክፍለ ዘመን የካናል (ሰው ቆፍሮ የሠራው የውሃ መንገድ) ጀልባ በፈረስና በበቅሎ ይጎተት የነበረው ለምን እንደሆነ ጠይቀሃል። ዋናው ጣጣ ማዕበሉ ነው። ካናል ጠባብ ነው፣ ዳርቻውም በአብዛኛው አፈር ነው፤ የእንፋሎት ጀልባ ውሃውን እየመታ የሚገፋት መንኮራኩር የሚያስነሳው ማዕበል ዳርቻውን እየሸረሸረ ይንደዋል።

ዊልያም ሲሚንግተን የሠራትን ሻርሎት ዱንዳስ የተባለች የእንፋሎት ጀልባ ተመልከት። በ1803 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ ፎርዝና ክላይድ ካናል ላይ፣ ኃይለኛ ነፋስ ከፊት እየገፋት፣ 70 ቶን 70 ቶን የሚሆኑ ሁለት ጀልባዎችን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ጎተተች። መንኮራኩሯም ከኋላ በኩል በአካሏ ውስጥ የተሸሸገ ነበር። እንዲያም ሆኖ የካናሉ ባለቤቶች ዳርቻው ይናዳል ብለው ከሥራ አስቀሯት። ያን የመሰለ ሥራ እንዲያ መቅረቱ እስካሁን ያንገበግበኛል!

የኒውዮርክ ግዛትም በ1871 ለኢሪ ካናል በቅሎዎቹን የሚተካ ፈጠራ ለሚያመጣ 100,000 ዶላር አዘጋጅቶ ነበር።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው መላ ሰንሰለቱ ነው። ሰንሰለት ውሃው ሥር ይዘረጋል፤ ጎታቿ ጀልባ ከፊቷ አንስታ በሞተር በሚዞር ከበሮ ላይ እየጠመጠመች ራሷን ወደፊት ትስባለች፣ ከኋላዋ መልሳ ትጥለዋለች። ውሃውን በመንኮራኩር ስለማትመታ ማዕበሏ ትንሽ ነው። በጀርመን ኤልበ ወንዝ ላይ ከ1866 ጀምሮ በሰፊው ሠርቷል።