ትሉ ያለው ከቅጠሉ ውስጥ ነው

ጥያቄ፦ ቲማቲሜን በየ5 ቀኑ ፀረ ተባይ እረጫለሁ፤ መጠኑንም ጨምሬ አይቻለሁ። ቅጠሉ ግን እንደተለበለበ ሆኖ እየደረቀ ነው፤ ፍሬውም ከዘንጉ ጋር በሚያያዝበት በኩል እየተበሳ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጠን መጨመሩን ዛሬውኑ ያቁሙ። ከገለጹት ምልክት የምንጠረጥረው ቱታ አብሶሉታ የተባለችውን የእሳት ራት ነው። አንድ ቅጠል ቆርጠው በብርሃን ፊት ያንሡት። ሰፋ ያለ፣ ሽፋኑ የሳሳ፣ ጥቁር ኩስ የተጠራቀመበት ጠባሳ ካለ የቱታ ትል ነው። ክር የመሰለ ጠመዝማዛ መስመር ብቻ ከሆነ ግን የቅጠል ሰርሳሪ ዝንብ ነውና መፍትሔው ይለያል።

ትሉ የሚበላው በቅጠሉ ሁለት ሽፋኖች መካከል ተደብቆ ስለሆነ ላይ ላዩን የሚቀር መድኃኒት አያገኘውም። የሚያገኘው እንቁላሉን የሚበሉትን ጠቃሚ ነፍሳት ነው፤ እነሱ ሲያልቁ ተባዩ ያለ ከልካይ ይራባል። አንዲት ሴት የእሳት ራት እስከ 260 እንቁላል ትጥላለች፤ በ27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ደግሞ አንድ ትውልድ በ24 ቀን ገደማ ይጠናቀቃል።

ስለዚህ ዋናው ነገር ጊዜውን ማወቅ ነው። በሄክታር 2 ወይም 3 የፌሮሞን ወጥመድ (የሴቷን የእሳት ራት ጠረን በሚመስል ሽታ የሚስብ) ይስቀሉና በየሳምንቱ ይቁጠሩ። ወጥመዱ የሚስበው ወንዱን ብቻ ስለሆነ ማሳውን ያድንልኛል ብለው አይጠብቁ፤ የሚነግርዎት የእሳት ራቱ መቼ እንደበዛ ነው። ቁጥሩ ሲያሻቅብ የቅጠሎቹን ጀርባ ይፈትሹ፤ ገና የተፈለፈሉ ትሎች ሲታዩ ቢቲ የተባለውን ከባክቴሪያ የተሠራ ፀረ ትል መድኃኒት ይርጩ። ትሉ ካልበላው አይሠራም፤ ፀሐይም ታበላሸዋለች። ስለዚህ አመሻሽ ላይ፣ የቅጠሉ ጀርባ እስኪርስ ድረስ ይረጭ፤ ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ይደገም። ትሉ ወዲያው አይሞትም፤ በሰዓታት ውስጥ መብላት ያቆማል፣ በ2 ወይም 3 ቀን ይሞታል። ብዙ ሰው ይህን ባለማወቅ በማግስቱ ሌላ መርዝ ይደርባል። ኬሚካል የግድ ከሆነም ተባዩ እንዳይለምደው ያቀያይሩ፤ ሲያቀያይሩም ከንግድ ስሙ ይልቅ በመለያው ላይ የተጻፈውን የቡድን ቁጥር (መድኃኒቱ ተባዩን የሚገድልበትን መንገድ የሚያሳየውን) ይዩ፤ ስማቸው የተለያየ ሁለት መድኃኒቶች ቁጥራቸው አንድ ከሆነ አቀያየሩ ማለት አይደለም።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምንዎታለን፦ የለቀሙትን የተጠቃ ቅጠልና ፍሬ ማሳው ዳር አይጣሉ፤ የእሳት ራቱ ከዚያው ይወጣል። በፕላስቲክ ከረጢት አስረው ፀሐይ ላይ ያቆዩት። ምርቱ እንዳለቀ ግንዱን ነቅለው ያስወግዱ፤ ከዚያ ቢያንስ ለ6 ሳምንት ቲማቲም፣ ድንች ወይም ደበርጃን አይትከሉ።

ጥያቄ፦ ለጎመን ክሽክሽ (የተክል ፈሳሽ ለሚመጡት ጥቃቅን ነፍሳት) የሳሙና ውሃ እውነት ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል፤ የሚገድለው ግን እርጥብ ሳለ ገላቸውን የነካቸውን ብቻ ነው። 10 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሳሙና በ1 ሊትር ውሃ ይበጥብጡ፤ የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ቅጠል ያቃጥላል። መጀመሪያ ጥቂት ተክሎች ላይ ሞክረው አንድ ቀን ይጠብቁ። ዩሪያም ይቀንሱ፤ ክሽክሽ የሚወደው በናይትሮጅን ብዛት የለሰለሰውን ቡቃያ ነው። አብጠው ቡናማ የሆኑ ክሽክሾች ካዩ በውስጣቸው ክሽክሹን የሚገድል ጥገኛ ተርብ እያደገ ነውና እነዚያን ተክሎች አይርጩ።